ከአለቃዬ ጋር የሚያድግ ልብስ

ሰኞ 4

ለሚመለከተው ክፍል ሁሉ፦ ቅሬታ አለኝ። በዚህ ቤት የግራ እግር ካልሲ መቀመጥ አልቻለም። የቀኙ አለ፤ የቀኙ ጨዋ ነው፣ ካስቀመጡት አይንቀሳቀስም። የግራው ግን ጠዋት ይጠለቃል፣ ረፋድ ላይ የለም። ከአልጋ ሥር ፈለግኩ፣ ከስፌት መኪናዬ መርገጫ ሥር ፈለግኩ፣ ትናንት ከገዛ ሹራቤ ኪስ ወጣ። ተጠርጣሪዋ የዘጠኝ ሳምንት ሴት ናት። ስትጠየቅ ታዛጋለች።

ይህችን ሴት አለቃዬ እላታለሁ፤ ስትጮህ ሁላችንም ስለምንሮጥ ነው። የእህቴ ልጅ ልጅ ናት። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከወሩ ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነው። አያቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ፣ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ጉልበቷም መንገድ አይፈቅድላትም። ስለዚህ እናትና ልጅ የኔን የጓሮ ክፍል ይዘዋል። እኔ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም። በወጣትነቴ አንድ አሮጌ ወንበር ተርትሬ መልሼ ልገጥመው ስታገል ተማርኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፋሁት ቆዳና ሸራ ነው። ዛሬ የምሰፋት እጅጌ ከአውራ ጣቴ ትንሽ ነው የምትበልጠው።

ደብተሩን የገዛሁት የልብሶቹን ልክ ልጽፍበት ነበር። ገና በመጀመሪያው ገጽ ሐሜት ገባበት።

ረቡዕ 6

አሠራሬን ልጻፍ፣ ስሞት የሚወርሰኝ ቢገኝ።

የሕፃን ልብስ አያረጅም፣ ያጥራል። ሰው ሁለት ወር እንኳ ያልተለበሰውን ልብስ ይጥላል ወይም ለጎረቤት ይሰጣል፣ ከዚያ ሌላ ይገዛል። እኔ ልብሱ አብሮ ይደግ አልኩ። በየሱሪው ጫፍና በየእጅጌው ውስጥ በኩል ሦስት ሦስት እጥፋት ሰፍቻለሁ፤ እያንዳንዱ የአንድ ጣት ስፋት አለው። ስፌቱን ሆን ብዬ አላልቼዋለሁ፣ ክሩን አንዴ ሲስቡት እጥፋቱ ይዘረጋል። አንደኛው ለሦስተኛ ወር፣ ሁለተኛው ለአምስተኛ፣ ሦስተኛው ለሰባተኛ። በጭን መሐል ቀጭ ብሎ ለሚዘጋው የውስጥ ልብስ ደግሞ ቁልፍ ያላት ትንሽ መቀጠያ ሠራሁ፤ የልጅቷ ቁመት ሲጨምር መቀጠያዋ መሐሉ ላይ ትገባለች። ጫማ የተሰፋላቸውን ቱታዎች እግር ቆርጬ፣ ከኔ አሮጌ ካልሲዎች ላስቲኩን ወስጄ ቁርጭምጭሚት ላይ ገጠምኩ። ሦስት ካልሲ ተሠውቷል። ሁሉም የቀኝ እግር፣ ምክንያቱን ከላይ ይመልከቱ።

የእህቴ ልጅ ሱሪውን አንስታ በብርሃን አየችው።

«አጎቴ፣ ይኼ ሱሪ ነው ድንኳን?»

«ማደጊያ ነው።»

«እሷ እኮ ውስጡ ጠፋች! ፈልገህ አውጣልኝ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ካልሲውን ላግኝ።»

ሳቀች። ከዚያ ልጅቷን አቅፋ ክንዷን በሁለት ጣቷ ለካች፤ የማላይ መስሏት።

ሐሙስ 7

ክሊኒክ። እኔ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ቀረሁ፤ የመድኃኒት ሽታ ራስ ምታቴን ይቀሰቅስብኛል። ጥበቃው ጨዋታ ያውቃል፣ ትርፍ ወንበርም አለው።

ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ነበረች።

የምትመዝነው ሲስተር «ሦስት መቶ ግራም እጠብቅ ነበር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ እንዳትቀሪ፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢወርድ» ብላታለች። እኔ ይህችን ሴት «ሚዛን» ብያታለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የእህቴ ልጅ የክብደቱን ካርድ ደጋግማ ታየው ነበር። «መቶ ግራም ቀላል መሰለሽ? ሁለት ጥቅል ክር ነው!» አልኳት። አልሳቀችም። ቀልዱ ለነገሩ የማያስቅ ነበር።

ቅዳሜ 9

ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑ። ልብስ አይደርቅም፤ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥሬ በሽንት ጨርቆች መሐል አጎንብሼ ነው የምሄደው።

ዛሬ የኮራሁበት ሥራ፦ የሽንት ጨርቅ መሐሉ ያልቃል፣ ዳርና ዳሩ ግን ይተርፋል። አሥራ ሁለቱንም መሐል ለመሐል ሰንጥቄ፣ ያላለቀውን ዳር ወደ መሐል አምጥቼ ሰፋሁት፤ ያለቀው ወደ ዳር ሄደ። እንደ አዲስ ሌላ ዓመት ያገለግላል። መጋጠሚያው እንዳይቆረቁራት ስፌቱን ጠፍጣፋ አድርጌ በካውያ ተጫንኩት። በእጄ ገልብጬ ጉንጬ ላይ ሞከርኩት። ማንም አላየኝም።

ከፎጣና ከአሮጌ ሸሚዜም ስድስት የለሃጭ መጥረጊያ አወጣሁ፤ በሁለት ፊት የሚታሰር፣ አንዱ ሲርስ የሚገለበጥ።

ከማዶ ያለችው ባለሱቅ ክር ልትሸጥልኝ መጥታ ከበር ላይ ሆና፣ «ምነው ልጅቷ አልፋፋ አለች?» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ድምፅዋ ግን እስከ ጓሮ ይሰማል።

ማክሰኞ 12

የእህቴ ልጅ አለቀሰች። ልጅቷ ተወልዳ ከሆስፒታል ስትወጣ የለበሰችውን ቢጫ ቱታ አልብሳት ነበር። ልክ ነው። ዛሬም ልክ ነው።

«አሥር ሳምንት ሙሉ ያው ልብስ፣ አጎቴ! ሰው ልጄ ልብስ ጨረሰብኝ ብሎ ያማርራል። እኔ ግን ቀን ከሌት አጠባታለሁ፣ ጡቴ ላይ ነው የምትውለው፤ የት ነው የሚሄደው?»

«አጥንቷ ቀጭን ሆኖ ነው። እናትሽም እንዲሁ ነበረች፣ አሁን እያት።»

«አትቀልድብኝ።»

ልብሱ እንዲበረክት የለፋሁት እኔ ነኝ። እንዲህ አድርጎ ይበረክታል ብዬ ግን አልነበረም።

ረቡዕ 13

እህቴ ደወለች። ጉልበቷን፣ የጎረቤቷን ውሻና መንግሥትን በየተራ አማችና ወደ ነገሩ ገባች።

«አንተ ቀልማዳ፣ ልጄን ክሊኒክ አብረሃት ግባ እንጂ። በር ላይ ቆመህ ከዘበኛ ጋር ትስቃለህ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ልጄ አለች። ይገባኛል፣ ከልጅህ ወዲህ ሚዛን እንደማትወድ አውቃለሁ። ግን ይኼ ሌላ ነው፣ ወንድሜ።»

መስመሩ ጥሩ አይደለም፣ አይሰማም አልኳትና ዘጋሁ። መስመሩ ጥሩ ነበር።

ከዚያ መሳቢያዬን አስተካከልኩ። ዕቃ በዝቶበታል። ነጯን ትንሽ ሸሚዝ ወደ ሥር አስገባኋት። ለናሙና ያስቀመጥኳት ናት፤ የአንገት ቅዷ ጥሩ ስለሆነ።

እሑድ 17

ጠዋት የእህቴ ልጅ ወደ ገበያ ሄዳለች። ትንሿ ተኝታለች።

ሦስት ልብስ። ቢጫው ቱታ፣ ባለመስመሩ፣ የውስጥ ልብሱ። በየጎኑ ግማሽ ጣት ወደ ውስጥ። ርዝመቱንም ትንሽ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ጥፋት አይደለም። እናት ስትጨነቅ ወተቷ ይሸሻል ይላሉ። ልቧ ትንሽ ይረፍ፣ ወተቷ ይምጣ፣ ልጅቷ ትጠግብ፣ ያን ጊዜ እኔው ዝም ብዬ መልሼ እተረትረዋለሁ። ማንም አያውቅም። ከዚህ የባሰ ስንት ተንኮል ሠርቻለሁ፤ በአንዱ ሠርግ ላይ የሙሽራውን የኮት ኪስ ሰፍቼ ቀለበቱን ያጣበት ቀን አለ። ሁሉም ስቋል። በኋላ።

ሰኞ 18

«አጎቴ! አጎቴ ና!»

መርፌ በአፌ እንደያዝኩ ሮጥኩ።

«ጠበባት! እየው፣ ደረቷ ላይ እየው፣ ቁልፉ አልዘጋ አለ! አድጋለች!»

«አላልኩሽም?»

አቀፈችኝ። መርፌዋን ልውጣት ነበር። ቀኑን ሙሉ እየዘፈነች ዋለች፤ ድምፅዋ ከእናቷ የተወረሰ ነው፣ እግዜር ይርዳን። ሁለት ሳህን በላች። ለሾፌሩ ደውላ «ልብስ ጨረሰች በላቸው ለሁሉም!» ስትል ሰማሁ። እሱም በዚያ ጫፍ፣ በሞተሩ ድምፅ ላይ፣ እንደ እብድ ሲስቅ ይሰማል።

ደስ የሚል ቀን ነበር። ደስ ብሎኛል። ምሳ ላይ ግን አልበላ አለኝ፤ ሙቀቱ ይሆናል። ሙቀት እንኳ አልነበረም።

ሐሙስ 21

የቀጠሮ ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ።

«አጎቴ፣ ልቅር እንዴ? ልብሱ እየጠበባት ምን ልባል እሄዳለሁ? በዚህ ዝናብ ጉንፋን ላስይዛት ነው?»

ዝናቡ በእውነት ከባድ ነበር። ቦዩ ሞልቶ መንገዱን አቋርጦ ይሄድ ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም ቢጠይቀኝ ከባድ እንደነበር እንዲታወቅ ነው።

«አዎ፣ ዝናብ ነው» አልኳት።

እሑድ 24

ስትተኛ በሜትር ለካኋት። ደረቷ ከሁለት ሳምንት በፊት ሠላሳ ሰባት ነበር። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ተኩል።

ሜትሩ አርጅቶ ተስቦ ይሆናል። በሌላ ሜትር ለካኋት።

ሠላሳ ስድስት ተኩል።

ጣቴን ይዛ ነው የተኛችው። ለረጅም ጊዜ አልተነሳሁም።

ማክሰኞ 26

ትናንት ልናገር ነበር፤ ደንበኛ መጣ። እውነቱን ለመናገር ደንበኛው አሥር ደቂቃ ነው የቆየው። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ መግቢያ ነበረው፣ መሐሉ ላይ ቀልድ ነበረው።

ዛሬ ጠዋት ውሃው ሞቆ፣ ፎጣው ተዘርግቶ፣ የእህቴ ልጅ ትንሿን ልታጥብ ስታወልቅላት ገባሁ። የጎድን አጥንቷን አየሁ። ንግግሩ ጠፋ፣ ከነቀልዱ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፣ ቢጫውን ቱታ አነሳሁ፣ ከኪሴ ምላጭ አውጥቼ ጎኑን መተርተር ጀመርኩ።

«ምን ሆነሃል? ደህናውን ልብስ!»

«ደህና አይደለም።»

«ምን ሆነ?»

«እኔ ነኝ ያጠበብኩት። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ እሑድ። ሦስቱንም።»

አልገባትም። ልብሱን ከእጄ ወስዳ ውስጡን ገለበጠችው። ሁለት መስመር ስፌት አለ፤ አንዱ የፋብሪካው፣ ስስ። ሌላው ግራጫ፣ ወፍራም። የሕፃን ልብስ በወንበር ክር የሚሰፋ ሰው በዚህ ከተማ አንድ ነው።

«ጠበባት ስልህ አብረኸኝ ሳቅክ» አለች ቀስ ብላ።

«ሳቅኩ።»

«ሐሙስ ልቅር ስልህ…»

«ዝናብ ነው አልኩሽ።»

ብትጮህብኝ ጥሩ ነበር። አልጮኸችም። ልጅቷን ሳታጥብ አልብሳ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወጣች። እኔ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩ። አብራኝ ከጃንጥላው ሥር መሄድ አልፈለገችም፣ ስለዚህ ክንዴን ዘርግቼ ከኋላዋ በላይዋ ያዝኩላት። እስክንደርስ ድረስ ግማሽ ጎኔ በስብሷል። ጥበቃው ወንበሩን ሳብ አድርጎ «ተቀመጥ እንጂ» አለኝ። አልፌው ገባሁ።

ሽታው ያው ነው።

ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ሃምሳ።

ሚዛን ከመነጽሯ በላይ አየችን። «ቀንሳለች። ባለፈው ሐሙስ የት ነበራችሁ?»

የእህቴ ልጅ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «እኔ ነኝ ያስቀረኋት፣ ሲስተር።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ልብሱን፣ ክሩን፣ ዝናቡን። ክፍሉ ውስጥ ሰባት እናቶች ነበሩ። አንድ ልጅ እንኳ አላለቀሰም፣ ሁሉም እኔን ይሰማል።

«ጋሼ» አለች ሚዛን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ከጩኸቷ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። «እኔ ይህችን ልጅ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የማያት። ቀሪውን የምታይልኝ እናቷ ናት። እርስዎ የእናቷን ዓይን ነው የሰረቁብኝ።»

ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆምኩ።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። እጇን ታጥባ ትንሽ ጣቷን ልጅቷ አፍ ውስጥ ከተተች፣ ስትጠባ ትንሽ ጠብቃ ግንባሯን ቋጠረች። ምላሷን ወደ ላይ አነሳች። «ከምላሷ ሥር ያለችው ጅማት አጭር ናት። ምላሷ አልዘረጋ ይላል፣ ስለዚህ ትጎትታለች፣ ትደክማለች፣ ሳትጠግብ ትተኛለች። አንቺ ጥፋት የለብሽም፣ ወተትም አላነሰሽም።»

የእህቴ ልጅ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ሚዛን ትከሻዋን ይዛ ቆየች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ።

ረቡዕ 27

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ የኔን ጢም ግማሽ እንኳ አላበቀለም። ጭንቅላቷን እኔ እንድይዝ አደረጉኝ፤ እናቷ አልቻለችም። ጫፉ ዱልዱም የሆነ ትንሽ መቀስ አወጣ። ምላሷን አነሳ። ቀጭ። አለቀ። ጠብቆ የተሰፋን አንድ ጥልፍ እንደመፍታት ነው። ያለቀሰችው ፊቷን ስናጥባት ከምታለቅሰው ያነሰ ነው።

«ጥሩ መቀስ ነው» አልኩት፤ ሌላ ምን ልበል?

እናቷ እዚያው ጡት ሰጠቻት። ከዚያ ግልጥ ብሎ የሚሰማ ጉርጭ፣ ጉርጭ። ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምተነው አናውቅም።

«አጎቴ፣ ስማ!» አለች የእህቴ ልጅ። ወዲያው መኮራረፋችን ትዝ አላትና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት ከጡት በኋላ የታለበ ወተት በኩባያ ጨምሩላት ብሏል። «ባለፈው ሳምንት መጥታችሁ ቢሆን ባለፈው ሳምንት ይሠራላት ነበር» አለ፣ በየዋህነት። አምስት ቀን። ትንሽ ልጅ አምስት ቀን ራቧን ይዛ በጠባብ ልብስ ውስጥ ተኛች፣ ጠባቡን እኔ ሰፋሁት።

አርብ 29

በዚህ ቤት አሁን የምንነጋገረው በአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚዋ አሥራ ሁለት ሳምንቷ ነው።

«ንገሪው ለአጎትሽ፣ ወተቱን ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጠው።»

«አለቃዬ፣ ንገሪያት ለእናትሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ አስቀምጬዋለሁ።»

«ንገሪው፣ ደግ አደረገ።»

አስተርጓሚዋ ሁለታችንንም እያየች ታዛጋለች፤ ትርጉሟ አልተዛባም።

ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ መቀስ ፈልጋ መሳቢያዬን ከፈተች። ዞር ስል ነጯን ሸሚዝ ይዛ ቆማለች።

«ይኼስ?»

«ናሙና ነው። ለአንገቱ ቅድ።»

ሸሚዟን ገልብጣ አየቻት። «እናቴ ነግራኛለች» አለች። ቁልፉን ዘጋግታ፣ እጅጌዋን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ከነበረችበት ቦታ መለሰቻት። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ወተት ያለበትን ኩባያ ሰጠችኝ። «ያዝ፣ አንተ ስጣት። እኔ ስሰጣት ትረጨዋለች።»

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በቀጥታ ታናግረኛለች። ለምን ሐሳቧን እንደቀየረች አልጠየቅኩም።

ሐሙስ 5

ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሃምሳ!

በዘጠኝ ቀን ሦስት መቶ ግራም። ስድስት ጥቅል ክር። ሚዛን ሁለት ጊዜ መዘነቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ልብሷን ዛሬ ነክተዋል?» አለች። እናቶቹ ሳቁ። የሳቁብኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔም እየሳቅኩ ነው።

ቤት ስንደርስ የእህቴ ልጅ ሕግ አወጣች። አንድ፦ ሚዛን ያልፈቀደችው ልብስ አይሰፋም፣ አይጠብም፣ አይተረተርም። ሁለት፦ በዚህ ደብተር ላይ ከየልብሱ ልክ ጎን ክብደቷ ይጻፋል፣ በእሷ እጅ። ሦስተኛውን ሕግ ረሳሁት፤ የወንበር ክር የሚመለከት ነገር ነው።

ስስ ክር ገዛሁ። መርፌዬ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ አይታየኝም፤ መነጽር ላይ መነጽር ደርቤ ነው የሠራሁት።

ሐሙስ 12

4.200 ኪሎ። (ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጎቴ ከጎኔ ቆሞ ቁጥሩን አሳምሪው ይላል።)

ቢጫው ቱታ ጠበበ። ራሱ ጠበበ። ማንም ሳይነካው። የእህቴ ልጅ ውስጡን ገልብጣ ስፌቱን አንድ በአንድ መረመረች፣ እንደ ጉምሩክ። ከዚያ ደረቷ ላይ አድርጋ ይዛው ቆየች።

ሾፌሩ ለሦስት ቀን መጥቶ ነበር። ታሪኩን ሰምቶ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ልክ ነው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ። ከዚያ መጥቶ የመኪናው ወንበር ተቀዷል፣ ትሰፋልኛለህ ወይ አለኝ። ስሰፋለት አጠገቤ ቁጭ ብሎ አየኝ። «እዚህኛው ላይ እንኳ አታጥብብኝ፣ እኔ እየወፈርኩ ነው» አለ። ይቅርታ እንዲህ ተደርጎ እንደሚባል አላውቅም ነበር።

ሐሙስ 19

አራት ኪሎ ተኩል። ሰማያዊው ሱሪ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሏል። ሚዛን በጽሑፍ ፈቀደች፤ ካርዱ ጥግ ላይ «አንድ እጥፋት ይዘርጋ» ብላ ፈርማበታለች። ቀልደኛ መሆኗን ማን አወቀ?

የእህቴ ልጅ ክሩን እንድትስብ ሰጠኋት። ክሩ ሳይበጠስ፣ ሳይተናነቅ፣ በአንድ ስብ ወጣ፤ እጥፋቱ ተዘረጋ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚት ላይ ልክ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ የወንበር ልብስ ከወንበሩ ጋር ሲያድግ አላየሁም። ያጠፍኩበት ቦታ ላይ አዲሱ ሰማያዊ በእጥበት ከወየበው ሰማያዊ ደመቅ ብሎ ቀለበት ሠርቷል። በሚቀጥለው ሁለተኛ ቀለበት ይኖረዋል፣ ከዚያ ሦስተኛ። ዕድሜዋን ከሱሪዋ ትቆጥራለህ።

ተራ ስንጠብቅ የእህቴ ልጅ የጠባቡን ልብስ ታሪክ ለእናቶቹ ስትተርክ ነበር፤ መርፌ በአፌ ይዤ ስሮጥ አስመሰለችኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ከነሱ መሐል፣ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ ነበር። ጥበቃው መስኮት ላይ መጥቶ «ወንበሬን ናቅካት አይደል?» አለኝ። ከቤት የወጣ ወሬ እንደሆነ ገባኝ፤ ከዚህ በኋላ የት እንደሚደርስ አላውቅም።

ማክሰኞ 24

ከሰዓት በኋላ። የእህቴ ልጅና አለቃዬ ተኝተዋል። ዝናቡ አባርቶ ገመዱን ወደ ግቢ አወጣሁት፤ አሥራ ሁለቱ ጨርቆች ውጭ እየተወዛወዙ ናቸው። ሁለት አሮጌ ፎጣዎችን ገጥሜ ለመጪው ብርድ የመኝታ ከረጢት ልሠራላት ነበር፤ ሥሩ በዚፕ የሚከፈት፣ ስትረዝም የሚቀጠል፣ መሄድ ስትጀምር ደግሞ እጅጌ ገብቶለት ካፖርት የሚሆን። ሥዕሉን እዚህ ላይ ልሥለው ብዬ መስመር እንደ…

በር ተንኳኳ።

የማላውቀው ወጣት ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ የግንበኛ እጅ፣ ጫማው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ። አሁን ከፊቴ ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ ነው። «ልክ ልጻፍልህ» ብዬው ነው ይህን የምጽፈው፤ ትንሽ ጊዜ ያስፈልገኛል።

ከጉያው በላስቲክ የተጠቀለለች ሮዝ ቱታ አወጣ። መዳፉ ላይ ስትቀመጥ መሐረብ ነው የምትመስለው።

«ጋሼ፣ የክሊኒኩ ጥበቃ ነው የላከኝ። ማለት አልላከኝም፣ ሲያወራ ሰማሁት። የሕፃን ልብስ አጥብበው ያውቃሉ አለ።»

«ምን ያህል ሆናት?»

«ሰባት ሳምንት። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች፣ አላደገችልኝም እያለች። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ፣ ከጎኑ። የፈለጉትን እከፍላለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷ አታውቅም።»

«ተመዝናለች?»

«ቀጠሮው ዛሬ ጠዋት ነበር። ባለቤቴ ፈርታ ቀረች፣ እኔም ተይው አልኳት።»

መልካም ልጅ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ልብሷን በእነዚያ ትላልቅ ጣቶቹ እንዳትቆሽሽ ጫፍና ጫፏን ብቻ ነው የያዘው።

ሊያመሰግነኝ ተዘጋጅቷል፤ የምነግረውን አያውቅም። መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዘግቻለሁ። ክሊኒኩ እስከ አሥራ አንድ ክፍት ነው፤ አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፣ ቤቱ ደርሰን ባለቤቱንና ልጁን ይዘናቸው ብንሄድ እንደርሳለን። ጃኬቴን ልልበስ።